ሲሞቅ የሚጠፋው

«ሲሞቅ የሚጠፋው!» ብላ ተጣራች የመኪና ጋራዡ ባንኮኒ ላይ ያለችው ልጅ። ሦስት ሰው አንድ ላይ ተነሣ።

ጎረቤቴ እትዬ ፍሬን ቦርሳዋን ብብቷ ሥር ወሽቃ ተነሣች። መስኮቱ ሥር ጋዜጣ ያነቡ የነበሩ ባለ ባርኔጣ ሽማግሌ መነጽራቸውን ወደ ኪሳቸው እየከተቱ ተነሡ። የውሃ ማቀዝቀዣውን ተደግፎ በስልክ ስለ እንቁላል ሲጨቃጨቅ የነበረ ወፍራም ሰውዬም «ቆይ፣ ተጠራሁ» ብሎ ዘጋና ወደ ባንኮኒው ገሰገሰ። ሦስቱም እዚያ ሲደርሱ ተያዩ። «ይቅርታ፣ የኔን መኪና ነው የጠራችው» አለች እትዬ ፍሬን በትሕትና። ሽማግሌው ደግሞ «የለም እመቤት፣ የኔን ነው፤ እኔ ከሁለት ሰዓት ጀምሮ እዚሁ ነኝ» አሏት። ባለ እንቁላሉ በመሀከላቸው ክንዱን አሾልኮ ባንኮኒውን ያዘ። «የእናንተ ሌላ በሽታ ይሆናል። በዚህ ከተማ ሲሞቅ የሚጠፋ መኪና ያለኝ እኔ ብቻ ነኝ። ከራሴ አምጥቼ አይደለም፤ እነሱ ራሳቸው ናቸው የነገሩኝ።»

«ለኔም እንደዚያው ነው ያሉኝ» አሉ ሽማግሌው ቀስ ብለው። «‹ከእርስዎ በቀር ያማረረ ደንበኛ የለም› ነው የተባልኩት። አራት ጊዜ።» እኔ ከእትዬ ፍሬን ኋላ ተቀምጬ የሰው ቀሚስ ጠርዝ ስቀመቅም ነበርና ጆሮዋ ሲቀላ አየሁት። እሷ ጆሮዋ ከቀላ መንገዱን ለቆላት መቆም ነው የሚሻለው።

ልጅቷ የሠራችው ነገር የገባት ዘግይቶ ነው። በደህናው ቀን ሰው የሚጠራው በታርጋ ቁጥር ነበር። የዚያን ዕለት ግን የማተሚያው ቀለም አልቆ፣ መካኒኮቹ በእጃቸው ጽፈው ቁልፉ ላይ ያንጠለጠሉትን ቁራጭ ወረቀት ነበር የምታነበው። መካኒክ ደግሞ የባለቤት ስም አይዝም። መኪናን የሚያውቃት በሕመሟ ነው፦ «የምታስለው»፣ «ዘይት የምትጠጣው»፣ «አንድ እግሯን የምትጎትተው»። በዚያ ላይ ሦስቱ ሰዎች በአንድ ቀን መገናኘት አልነበረባቸውም። ሽማግሌው ሁልጊዜ ሰኞ፣ ባለ እንቁላሉ ረቡዕ፣ እትዬ ፍሬን ሐሙስ ነበር የሚቀጠሩት። ያን ሳምንት መብራት ጠፍቶ ጋራዡ ሦስት ቀን ስለተዘጋ ሁሉም ሐሙስ ላይ ተደረቡ። ዓመት ሙሉ ለየብቻ ተለያይቶ የተያዘ ነገር በአንዲት ልጅ አፍ ተዘረገፈ።

እትዬ ፍሬን የሚለውን ስም ያወጡላት ተማሪዎቿ ናቸው። ሃያ ሁለት ዓመት ሰውን መንዳት ስታስተምር «ፍሬን! ኧረ ፍሬን!» እያለች ድምጿ እንደ አሮጌ በር ሆኗል። ገበያ ውስጥ ሰው ሲገፋት እንኳ «ፍሬን» ነው የምትለው። በሰፈራችን መንጃ ፈቃድ ካለው ሰው ከሦስቱ ሁለቱ በእጇ ያለፈ ነው። እኔ ብቻ ነኝ ሁለት ቀን ሞክሬ፣ የስፌት መኪናዬ ፔዳል ይበቃኛል ብዬ የቀረሁ። መኪናዋን ከገዛች አሥራ አራት ወሯ ነው። አዲስ፣ ነጭ፣ የወንበሩ ላስቲክ ያልተቀደደ። እሷና ባሏ አሮጌዋን ሸጠው፣ የጡረታውን ጨምረው ነው የገዟት። ከዚህ ኩባንያ ግዙ ያለው ባሏ ነው፤ «ዘመድ ባለበት ቦታ ሰው አይበደልም» ብሎ። ዘመድ የተባለው የባሏ ታናሽ ወንድም ነው፣ የሰርቪስ ክፍሉ ኃላፊ። በቤተሰቡ ውስጥ «ትንሹ» ነው የሚባለው፣ ዛሬ በር ሲገባ ጎኑን አዙሮ የሚገባ ሰው ቢሆንም።

የመኪናዋ አመል እንዲህ ነው። ጠዋት ጠዋት ጨዋ ናት። ፀሐዩ ከበረታና ሠላሳ አርባ ደቂቃ ከሄደች ግን፣ ሳታስል፣ ሳትንቀጠቀጥ፣ አንድ መብራት እንኳ ሳታበራ ሞተሯ ይጠፋል። ሞተሩ ሲጠፋ መሪው ይከብዳል፤ ፍሬኑም አንድ ሁለቴ ሲረገጥ እንደ ድንጋይ ይደርቃል። አሥር ደቂቃ ቆማ ከቀዘቀዘች በኋላ ቁልፉን ሲያዞሩት ምንም እንዳልተፈጠረ ትነሣለች። እትዬ ፍሬን ሰባት ጊዜ ወደ ጋራዡ ወስዳታለች። ሰባት ጊዜም ጠዋት በጥላ፣ በግቢው ውስጥ ሦስት ዙር ነድተው፣ ኮምፒውተር ሰክተው «ምንም የላትም» ብለው መልሰዋታል። መጀመሪያ ነዳጁ ነው አሉ። ቀጥለው አይጥ ሽቦ በልቶ ይሆናል አሉ። በመጨረሻ «እግርዎን ፍሪሲዮን ላይ ያሳርፋሉ» አሏት። ሃያ ሁለት ዓመት የሰው እግር ከፍሪሲዮን ላይ ስታስነሣ የኖረችውን ሴት! እኔ ያን ቀን ሻይ እየጠጣሁ ነበር፣ ትን ሊለኝ ምንም አልቀረው። ባሕር ማዶ ላለው ፋብሪካም ጽፋ ነበር። «ስለመረጡን እናመሰግናለን፤ ጥያቄዎን በአገርዎ ላለው ወኪል አስተላልፈናል» አሏት። ወኪሉ ደግሞ «እኛ ሻጭ ነን፤ የሞተር ነገር የሚመለከተው አምራቹን ነው» አለ። ልጃቸው የሰው መስኮት ሰብሮ የመጣ ባልና ሚስት «ያንተ ልጅ፣ ያንቺ ልጅ» እንደሚባባሉት።

ይሄ ሁሉ ለኔ የሚያሥቅ ነበር፤ ከዚያ ሐሙስ ሁለት ሳምንት በፊት እስከሆነው ድረስ። የዚያን ቀን መሪ ላይ የነበረችው አንዲት ዳቦ ጋጋሪ ናት፣ አሥራ አንደኛ ቀኗ ነው። ከቁልቁለቱ ጠመዝማዛ ላይ ሲደርሱ ሞተሩ ጠፋ። ልጅቷ «ምንም አልነካሁም! ምንም አልነካሁም!» እያለች ስትጮህ እትዬ ፍሬን በአንድ እጇ መሪውን፣ በሌላው የእጅ ፍሬኑን ጎትታ መኪናዋን ከድንጋይ አጥር ጋር አላተመቻት። ከአጥሩ ማዶ ገደል ነው። የዳቦ ጋጋሪዋ የትከሻ አጥንት ተሰበረ። የመንጃ ፈቃድ መሥሪያ ቤቱ የእትዬ ፍሬንን የአሠልጣኝነት ፈቃድ ያዘና ኩባንያውን መንስኤውን ጻፍ አለው። ኩባንያው ጻፈ። «ተሽከርካሪው ምንም ዓይነት የቴክኒክ ጉድለት ያልተገኘበት ሲሆን አደጋው የደረሰው በአነዳድ ጉድለት ነው።» ከሥሩ ማኅተም፣ ከማኅተሙ አጠገብ የትንሹ ፊርማ። ያቺን ፊርማ እትዬ ፍሬን በደንብ ታውቃታለች፤ ልጁ ተማሪ ሆኖ ጓሮ ክፍላቸው ውስጥ አራት ዓመት ሲኖር ደብተሩ ላይ ሲለማመዳት ያየች ናት። መሥሪያ ቤቱ የሰጣት ቀን ያለቀው በዚሁ ሐሙስ ነው። እስከ አሥራ አንድ ሰዓት የኃላፊው ፊርማ ያለበት እርማት ካላመጣች ፈቃዷ ለዘለቄታው ይሰረዛል።

ሦስቱ ተያይዘው ትንሹ ወዳለበት ቢሮ ገቡ፤ እኔም የምሰፋውን ቀሚስ ጠቅልዬ ተከተልኩ። ቢሮው በሦስት በኩል መስታወት ነው። ጠረጴዛው ላይ ከመዳፍ የማትበልጥ ነጭ መኪና ቆማለች፣ እሷ እንኳ ሳትጠፋ አትቀርም ብዬ አሰብኩ። ግድግዳው ላይ «የዓመቱ ምርጥ የደንበኞች አገልግሎት» የሚል በፍሬም የተሰቀለ ወረቀት አለ፣ በየትኛው ዓመት እንደሆነ ግን አይልም። ትንሹ ሦስቱን አንድ ላይ ሲያይ ፊቱ ላይ የሆነ ነገር ሄደና ተመለሰ። «እንደምን አደራችሁ፣ ደንበኞቻችን» አለ። የወንድሙን ሚስት አንቱ አላት። ቤታቸው በሄደ ቁጥር ጉንጯን ስሞ «እትዬ፣ ምን አለሽ የሚበላ» የሚላት ልጅ፣ «እመቤት፣ ይቀመጡ» አላት። ወንበሩ ሁለት ብቻ ስለነበር ማንም አልተቀመጠም።

ባለ እንቁላሉ ጀመረ። አርባ ትሪ እንቁላል ጭኖ አደባባይ መሀል ላይ ሞተሩ ሲጠፋበት ከኋላው የመጣው መኪና ገጭቶት አንድ ሺህ ሁለት መቶ እንቁላል አንድ ላይ መሰበሩን፣ ሕፃናት በመስኮት እያዩ ማጨብጨባቸውን ነገረው። ትንሹ ራሱን እየነቀነቀ ሰማና «አጋጣሚ ነው» አለ። ያኔ ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አወለቁ። የእንስሳት ሐኪም ናቸው። «ልጄ» አሉት፣ «እኔ አርባ ዓመት ከብት አክሜያለሁ። ሦስት ላሞች በአንድ ሳምንት አንድ ዓይነት ሳል ይዘው ሲመጡብኝ አጋጣሚ ነው ብዬ አላውቅም። ተነሥቼ በረቱን ነው የማየው።» ትንሹ ፈገግ አለ፤ ከዚያ በሚያምር ድምፅ ደንቡን አስረዳን። አንድ ጉድለት ጉድለት የሚሆነው በኩባንያው ሠራተኛ ዓይን ሲታይ ነው። እስካሁን አልታየም። ዓይኑ ያላየውን ደግሞ መጻፍ አይችልም።

«የአነዳድ ጉድለቴንስ በየትኛው ዓይንህ አየኸው?» አለችው እትዬ ፍሬን። ቢሮው ውስጥ የተናገረችው የመጀመሪያው ነገር ይህ ነው። ትንሹ ብዕሩን አንሥቶ መልሶ አስቀመጠው። «ከሰዓት ይፈተን» አለች፤ «ሲሞቅ፣ ዳገት ላይ። አንተው ራስህ ንዳው። ያቺ ልጅ እኮ ምንም አልነካሁም ነው የምትለው።»

«እትዬ» አለ፣ አንቱታው አምልጦት፤ እንደ ቀልድም ሣቅ ብሎ፣ «ሁሉም ለማጅ እንዲህ ነው የሚለው።»

መርፌው ጣቴን ወጋኝ። መስፋቱን እንኳ አቁሜ ነበር፤ እንዴት እንደወጋኝ አላውቅም። ትንሹ ከሰዓት ስብሰባ እንዳለው፣ ግን እንደሚያይ ነገረን፤ «እናያለን» የሚለው ቃል ደግሞ በሱ አፍ «አይሆንም» ማለት እንደሆነ የሱን ቢሮ የረገጠ ሁሉ ያውቀዋል።

ስድስት ተኩል ላይ ጋራዡ ለምሳ ሲዘጋ የእትዬ ፍሬን ስልክ ጮኸ። የትንሹ ሚስት ናት፤ እዚህ አፍንጫዬ ሥር ሆናችሁ ሳትበሉ አትውሉም አለች። እትዬ ፍሬን ሰበብ ስትፈልግ ባሏ ደግሞ ደወለ። ድምፁ ከስልኩ አፈትልኮ ይሰማኝ ነበር። «ሂጂ፣ ቤተሰብ ነን። ደግሞ ልጁን አትጫኚው፣ እሱም አለቃ አለበት።» እሷ «እሺ» አለችና ስልኩን ቦርሳዋ ውስጥ ከመክተቷ በፊት ትንሽ አየችው፤ ተጨማሪ ነገር ይናገር ይሆናል ብላ የምትጠብቅ ይመስል።

ቤቱ ከጋራዡ ጀርባ ሁለት መንገድ አልፎ፣ ዳገቱ አናት ላይ ነው። በእግራችን ወጣን። በሩ ላይ የሚስቱ መኪና ቆማለች፤ እንደ እትዬ ፍሬን መኪና ነጭ፣ ያችው ዓይነት፣ የተገዛችውም በዚያው ወር ነው። እትዬ ፍሬን ስታልፍ መዳፏን የሞተሩ ክዳን ላይ አሳረፈች። ይፋጃል። ሚስቱ ልጆቹን ከትምህርት ቤት አምጥታ አሁን መግባቷ ነው። እትዬ ፍሬን ቆም ብላ የወጣነውን ዳገት ዞር ብላ አየችው፤ ቀጥሎ ፀሐዩን። ከዚያ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ገባች።

የትንሹ ሚስት ደግ ሴት ናት፤ ደግነቷ ግን ፍሬን የለውም። ገና ሳንቀመጥ ሾርባ፣ ከሾርባው ጋር ዳቦ፣ ከዳቦው ጋር ሩዝና ዶሮ ደረደረች። ሳሎኑ ሰፊ ነው። ቴሌቪዥኑ ድምፁ ተዘግቶ አንድ ሰው ያለድምፅ ይዘፍናል። መጋረጃው ውድ ጨርቅ ነው፣ ጠርዙን ግን ማን እንደቀመቀመው እግዜር ይወቀው፤ አፌን ዘጋሁ። ትንሹ ከጠረጴዛው ራስ ተቀምጦ ዳቦውን እየቆረሰ ሳይበላው ይደረድረዋል። እትዬ ፍሬን ሾርባዋን ቀስ እያለች ትጠጣለች። ስለ ሥራ ማንም ምንም አላነሣም። ስለ ልጆቹ ጥርስ፣ ስለ ውሃ መጥፋት፣ ስለ ጎረቤት ውሻ አወራን። ውሻውን ስንጨርስ የሚወራ አለቀብን። ማንኪያ ብቻ ነበር የሚሰማው። ይሄኔ ሚስትየዋ ዝምታው ከበዳትና ልታጽናናት አሰበች።

«አይዞሽ እትዬ፣ እሱ ፈልጎ ያገኘዋል» አለቻት። «የኔም እኮ መጀመሪያ እንደዚህ ዳገት ላይ እየጠፋች አልቅሼ ነበር። ያቺን የነዳጅ ፓምፕ ከቀየረልኝ ወዲህ ግን አንድ ቀን! አንድ ቀን አልጠፋችም።»

ትንሹ የቆረሰውን ዳቦ መሶበ ወርቅ እንደሚሸፍን ሰው በእጁ ሸፈነው። ቴሌቪዥኑ ላይ የሚዘፍነው ሰውዬ አፉን ከፍቶ ቆየ። ሚስትየዋ አንድ ጊዜ ባሏን፣ አንድ ጊዜ እኛን አየችና፣ ሙሉ ማሰሮ ውሃ ፊት ለፊታችን ቆሞ ሳለ «ውሃ ላምጣ» ብላ ተነሣች።

«ጨው አቀብለኝ» አለች እትዬ ፍሬን። አቀበላት። ሾርባዋ ላይ ሳትነሰንስ አስቀመጠችውና፣ እሱን ሳይሆን በሩ ላይ የደረሰችውን ሚስቱን ጠየቀች። «መቼ ነበር የተቀየረው፣ የኔ እኅት?»

«ትልቋ ትምህርት ቤት የገባች ሰሞን... ዓመት ሊሆነው ነው» አለች ሚስትየዋ፣ ለራሷ እንደምትናገር ሁሉ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

ያን ሰሞን እኔም አስታውሰዋለሁ። እትዬ ፍሬን ለሁለተኛ ጊዜ አቤት ብላ፣ አይጥ ነው የተባለችበት ሰሞን ነው። ወጥመድ ገዝታ መኪናዋ ሥር ሦስት ሌሊት አጥምዳለች። እኔ ነኝ አይብ ያበደርኳት።

ምሳው እንደዚያ አለቀ። ትንሹ እስከ ውጭ በር ተከትሎን ወጣና አንገቱን ደፍቶ ይናገር ጀመር፤ ፊቱ ላይ የጋራዡ ኃላፊ ጠፍቶ የጓሮው ክፍል ልጅ መጣበት። ፋብሪካው መመሪያ ልኳል አለ። ፓምፑ ሲሞቅ ሥራ እንደሚያቆም ያውቃሉ። ሦስት ጊዜ በኩባንያው ሠራተኛ ፊት ጠፍቶ ለተመዘገበ ደንበኛ ብቻ ቀይሩ፣ በጽሑፍ ግን ለማንም ምንም እንዳትሰጡ ይላል። «እና በሠራተኛ ፊት እንዳይጠፋ ጠዋት ጠዋት ትፈትኑታላችሁ» አለች እትዬ ፍሬን። «የልጆቼ ጉሮሮ ነው እትዬ» አለ። «አንድ ቃል ብጽፍ ነገ ወንበሬ ላይ ሌላ ሰው ነው።»

«ለሚስትህ ስትቀይርላት ሦስት ጊዜ ተመዝግቦላት ነበር?»

እኔ መሬት መሬቱን ማየት ጀመርኩ፤ የሰው ቤተሰብ ሲራቆት ማየት የሰው ገላ ሲራቆት ከማየት ይብሳል። እትዬ ፍሬን አልጮኸችም። ብትጮህ ይቀለኝ ነበር። «ያቺ ልጅ በቀኝ እጇ ነው ሊጥ የምታቦካው» አለችው። «የተሰበረውም በቀኝ በኩል ነው። ዓይኔ ያላየውን አልጽፍም አላልክም? ዘጠኝ ሰዓት ላይ ናና እይ።» «ስብሰባ...» ብሎ ሲጀምር ከኋላው በሩ ተከፈተ። ሚስቱ ናት፣ የሳህን ማድረቂያ ጨርቅ በእጇ እንደያዘች። ፊቷ ላይ ያ ሁሉ ደግነት አልነበረም። «ሂድና ንዳላት» አለችው። ሌላ ምንም አላለችም፤ በሩንም አልዘጋችውም።

ከስምንት ሰዓት ጀምሮ መኪናዋን ግቢው መሀል፣ ፀሐይ ላይ አቁመን ሞተሯን ማሞቅ ያዝን። ሐኪሙና ባለ እንቁላሉም አልሄዱም፤ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጠው ጠበቁን። የፊት መብራቷ ተሰብሯል፣ መከላከያዋ በኔ የወንበር ልብስ ቅዳጅ ታስሯል፣ ጣሪያዋ ላይ ግን «ለማጅ» የሚለው ጽሑፍ እንደቆመ ነው። ዘጠኝ ሰዓት ከአምስት ላይ ትንሹ ሸሚዙን ወደ ሱሪው እየከተተ መጣና መሪው ኋላ ገባ። እትዬ ፍሬን በቦታዋ፣ በአሠልጣኙ ወንበር ተቀመጠች፤ ለተማሪ የምትሞላውን መገምገሚያ ቅጽ ጉልበቷ ላይ ዘረጋች። እኛ ሦስታችን ከኋላ ገባን። ባለ እንቁላሉ የሁለት ሰው ቦታ ስለያዘ እኔና ሐኪሙ እንደ አንድ ሰው ተቀመጥን።

ትንሹ ወደ ሜዳው መንገድ ሊወጣ ጠቋሚ መብራት አበራ። «ወደ ቀኝ» አለች እትዬ ፍሬን። ወደ ዳገቱ ነው። ያሰበችበት ነው፤ ዳገት ላይ ሲጠፋ ይቆማል፣ ሰው የሚሰብረው ቁልቁለት ላይ ሲጠፋ ነው። ቁልቁለቱን ስንወርድ ደግሞ በሁለተኛ ማርሽ እያስጎተተች፣ አንድ እጇ የእጅ ፍሬኑ ላይ ሆኖ ነው። ትንሹ ሳይታወቀው ታዘዛት። ጀርባው ቀና አለ፤ ሁለቱ እጆቹ እሷ ከአሥራ ስምንት ዓመት በፊት ያሳየችው ቦታ ላይ ሄደው ተቀመጡ። «መስታወት» ስትለው አየ። ቅጹ ላይ ምልክት አደረገች። አንድ ዙር ወጥተን ወረድን። ምንም የለም። ሞተሩ እንደ ጠገበች ድመት ያንኮራፋል። ሁለተኛውን ዙር ስንጨርስ ዘጠኝ ተኩል አልፎ ነበር። ትንሹ ትከሻው ላላ፤ እንዲያውም በአፍንጫው የሆነ ዜማ ማዜም ጀመረ። «አያችሁ?» አለ። እኔ ሰዓቴን አየሁ። መሥሪያ ቤቱ ከተማው ሌላኛው ጫፍ ላይ ነው። ሐኪሙ በጆሮዬ «የታመመ ውሻም ክሊኒክ በር ላይ ሲደርስ ጭራውን ይቆላል» አሉኝ። ባለ እንቁላሉ ዓይኑን ጨፍኖ ነበር፤ ይጸልይ ይተኛ አላውቅም። እትዬ ፍሬን እጇን ዘርግታ የማቀዝቀዣውን አየር ከፈተች፣ ሞተሩ ላይ ጫና እንዲጨምር። «እንደገና» አለች።

ሦስተኛው ዙር ላይ፣ ከዳገቱ ግማሽ አልፈን፣ የትንሹ ቤት አጥር መታየት ሲጀምር ነው። ምንም ድምፅ አልነበረም፤ ነገሩም እሱ ነው፣ ድምፁ ጠፋ። አየሩ ቆመ። የትንሹም ዜማ ቆመ። ቁልፉን አዞረው፤ አዞረው፤ የለም። መኪናዋ አንድ አፍታ ቆማ አሰበችና ወደ ኋላ መንሸራተት ያዘች። ትንሹ ፍሬኑን ረገጠ፣ ለቀቀ፣ ረገጠ፣ ለቀቀ፣ እንደገና ሲረግጠው እግሩ ድንጋይ ላይ እንዳረፈ ሁሉ ቆመበት። መሪውን ለማዞር ሲታገል የአንገቱ ሥር ተገተረ። ከኋላችን የጭነት መኪና ጥሩምባ ነፋ። ባለ እንቁላሉ ዓይኑን ከፍቶ «ተሰበርን!» ብሎ ጮኸ፤ ይሄ ሰውዬ ከእንቁላል ሌላ አያስብም። «ፍሬን» አለች እትዬ ፍሬን። በሕይወቷ ይህን ቃል እንደዚያ ዝግ ብላ ስትለው ሰምቼ አላውቅም። የእጅ ፍሬኑን በሁለት እጇ ወደ ላይ ጎተተችው። መኪናዋ ተንገጫግጫ ቆመች።

የጭነት መኪናው እየተሳደበ አለፈን። ከዚያ በኋላ የሚሰማው የትንሹ ትንፋሽ ብቻ ነበር። እጆቹ መሪውን እንደያዙ ቀርተዋል። ላቡ ከአገጩ ላይ ወደ ክራቫቱ ይንጠባጠባል። ከፊታችን፣ አጥሩ ጋ፣ ሚስቱ በሩን እንደከፈተችው ቆማ ታየናለች። እሱም አያት። ወደ እትዬ ፍሬን ዞረ፤ ከንፈሩ ነጥቷል።

«እትዬ፣ ምንም አልነካሁም!» አለ። «በልጆቼ ሞት፣ ራሱ ነው የጠፋው! ምንም አልነካሁም!»

እትዬ ፍሬን መነጽሯን ከግንባሯ ላይ አወረደች። ሰዓቷን አይታ ቅጹ ላይ ጻፈች፦ ሞተሩ ራሱ ጠፋ፣ ዘጠኝ ከሃምሳ አምስት። ከዚያ ቅጹን ወደ ጉልበቱ አዙራ አስቀመጠችለትና ከሥር ባለው የፊርማ መስመር ላይ ብዕሩን አጋደመችው።

«ሁሉም ለማጅ» አለችው፣ «እንዲህ ነው የሚለው።»